«እኔም እንደሱ ነበርኩ»

አንዲት እናት እንዲህ ስትል ጽፋልኛለች፦ «ልጄ 9 ዓመቱ ነው። በወሬና በጨዋታ ማንም አይደርስበትም። መጽሐፍ ሲከፈት ግን ሆዴን አመመኝ ይላል። ባለፈው አንድ ገጽ ጥርት አድርጎ አነበበልኝ። ደስ ብሎኝ ጠጋ ስል፣ ገልጦ የያዘው ሌላ ገጽ ነው! ስንፍናው ሳያንስ ማታለል ጀመረ። ባሌም አያግዘኝም። ልናጠና ስንቀመጥ ተነስቶ ይወጣል። ስናገረው ‹ተይው፣ እኔም እንደሱ ነበርኩ› ይለኛል። በዚህ የተነሳ ሁሌ እንጨቃጨቃለን።»

እህቴ፣ ልጅሽ አንድ ሙሉ ገጽ ሸምድዷል። ሰነፍ ልጅ ይህን ያህል አይለፋም። ማንበብ ቢቀለው ኖሮ ያነብልሽ ነበር። አንቺ ማታለል ያልሽው ለእኔ አንቺን ላለማስከፋት የተደረገ ትልቅ ልፋት ነው።

በደብዳቤ ብቻ ይሄ ነው ማለት አልችልም። የጻፍሽው ግን ዲስሌክሲያ የሚባለውን የማንበብ ችግር ያስጠረጥራል። ዲስሌክሲያ ከጉብዝና ማነስ አይመጣም፤ የዓይን ችግርም አይደለም። ልጁ ቃልን ወደ ድምፆች ነጣጥሎ ከፊደል ጋር ማገናኘት ይከብደዋል። «ቡ»ን «ቢ» ይላል። የቃሉን መጀመሪያ አይቶ የቀረውን ይገምታል። ትናንት የለየው ቃል ዛሬ እንግዳ ይሆንበታል። እስቲ እነዚህን ልብ ብለሽ እይ።

ከደብዳቤሽ ሁሉ ልቤን የያዘችው ግን የባለቤትሽ አንድ ንግግር ናት። አንቺ ቸልተኛ ነው ለማለት ነው የጠቀስሻት። ዲስሌክሲያ ብዙ ጊዜ በዘር ይወርዳል። ለመሆኑ ባለቤትሽ ሲያነብ አይተሽው ታውቂያለሽ? ቤት ውስጥ የሚሞላ ፎርም ሲመጣ ማን ነው የሚሞላው? «አንብብ!» ብለሽ ልጁን ስትቆጪ፣ ባለቤትሽ የድሮ አስተማሪውን ድምፅ ይሰማ ይሆናል። ተነስቶ የሚወጣውም ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ልጅሽ ግን ይህን አያውቅም። የሚያየው አባቱ ጥሎት ሲወጣ ነው። «አባዬም ተስፋ ቆረጠብኝ» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። «እኔም እንደሱ ነበርኩ» የሚለው ቃል ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለእሱ ነበር። እስካሁን የተባለው ግን ላንቺ ነው፤ ያውም በጭቅጭቅ መሐል።

ለጊዜው ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሪው። ከተቻለ የንባብ ችግርን የሚያውቅ ባለሙያ በአካል ይየው፤ ይህን እኔ በጽሑፍ ልተካው አልችልም። አስተማሪውም ሳይዘጋጅ በክፍል ፊት እንዳያስነብበው ለምኚልኝ። ድምፅና ፊደልን ደረጃ በደረጃ የሚያስተምር ሰው ካገኘ ብዙ ሊሻሻል ይችላል። ግን በወር በሁለት ወር አይደለም፤ ታገሺ። እስከዚያ አንቺ አንብቢለት፣ እሱ ይስማ።

ዛሬ ማታ ደግሞ ልጁ ሲተኛ ባለቤትሽን «ያኔ ትምህርት ቤት እንዴት ነበር?» በይው። ቶሎ ባይመልስልሽም አትቸኩይው።