የዴስክቶፕ ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ) ለመጨመር፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010፣ ባለ 4 ስሎቱ (የራም ማስገቢያው)፣ አሁን ራሙ 4 ጊጋ ነው። ገበያ ላይ 8 ጊጋ ዲዲአር3 በጣም በርካሽ አየሁ፤ ሁለት ልግዛ?

መልስ፦ መጀመሪያ ስቲከሩን አንብብ። ማሽንህ የሚፈልገው ዲዲአር3 1600 ነው፤ ዲዲአር3 የራሙ ትውልድ፣ 1600 ፍጥነቱ ነው። ስቲከሩ ላይ ፒሲ3-12800 (PC3-12800) ተብሎ ይጻፋል፣ 1600 በ8 ተባዝቶ ማለት ነው። ወሳኙ ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለው ፊደል ነው። «ዩ» (U) የዴስክቶፕ ነው። «ኤስ» (S) የላፕቶፕ ነው፣ ቁመቱም አጭር ስለሆነ አያሳስትም። የሚያሳስተው «አር» (R) ነው፤ ከሰርቨር የተነቀለ ነው፣ ስሎቱ ላይ ልክክ ብሎ ይገባል፣ ማሽኑ ግን አይነሳም። የሚረክሰውም ለዚህ ነው።

ሌላው ወጥመድ «ለኤኤምዲ ብቻ» የሚባለው ነው (ኤኤምዲና ኢንቴል ፕሮሰሰር ሠሪዎች ናቸው)። ቺፖቹ ባለ 4 ቢት ስለሆኑ የኢንቴል ማሽን አያነባቸውም። ቺፕ መቁጠር እዚህ ላይ አይረዳህም፣ ደህናውም ባለ 16 ቺፕ ነው። «2አር×8» (2Rx8) የሚል ፈልግ፤ ×8 ባለ 8 ቢት ቺፕ ማለት ነው፣ እዚህ ያለው «አር» ደግሞ የሰርቨሩ «አር» አይደለም። ጣሪያህ 32 ጊጋ ነው፣ አራት ባለ 8።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሬ ይንቀራፈፋል፤ የቱን ራም ልግዛ?

መልስ፦ ሞዴሉስ?

አንድ አባል፦ 1333 እና 1600 እንዳትቀላቅሉ፣ ማዘርቦርድ ያቃጥላል።

መልስ፦ አያቃጥልም። ሁሉም በ1333 ይሠራሉ፣ በቃ።

ሌላ አባል፦ ራሙን ትቶ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማከማቻ) ቢገዛ ይሻለዋል።

አንድ አባል፦ 4 ጊጋ ላይ ብራውዘር ከፍቶ በኤስኤስዲ ምን ሊሆን?

ሌላ አባል፦ ሃርድ ዲስክ ላይ 16 ጊጋም ቢጭን ሲነሳ ያው ነው።

መልስ፦ የዲስኩን ክርክር ሌላ ቦታ አድርጉት።

ጥያቄ፦ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 ሁለቱም 288 ፒን ናቸው፤ ይቀያየራሉ?

መልስ፦ አይቀያየሩም። የመሃል ቀዳዳቸው ቦታ ይለያያል፣ ቮልታቸውም 1.2 እና 1.1 ነው። እንዳትገፋው፣ ስሎቱ ይሰበራል።

ጥያቄ፦ ራም ከጨመርኩ በኋላ ይጮሃል እንጂ ስክሪን አይመጣም።

መልስ፦ ገመዱን ንቀልና ማብሪያውን ጥቂት ሰከንድ ተጫን፣ የቀረው ኃይል ይውጣ። አንድ ራም ብቻ አስገባ፤ በሁለቱም ጫፍ «ቀጭ» ማለት አለበት። ከተነሳ ሌላውን ለብቻው ሞክር። አሮጌው ለብቻው ተነስቶ አዲሱ እምቢ ካለ ስቲከሩን አንብብ፤ ፊደሉ «አር» ነው?

ጥያቄ፦ 8 ጊጋ አስገብቼ 3.2 ብቻ መጠቀም ይቻላል ይለኛል።

መልስ፦ ዊንዶውስህ 32 ቢት ነው። 64 ቢት ጫን።

ጥያቄ፦ ለኤችፒ ርካሽ 8 ጊጋ ዲዲአር3 አግኝቻለሁ፣ ይሆናል?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። የስቲከሩን ፎቶ ላክ።