ትንሽ ፎር ዊል ለመጀመሪያ መኪና፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ጂምኒ፣ ቪታራ፣ ራቭ ፎር ወይም ቴሪዮስ የሚፈልግ ሰው የሚመርጠው እዚሁ ካሉት መካከል ነው። ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ገፍቷል። ስለዚህ ከመኪናው ስም ይልቅ ስለ ይዞታው አብዝተን እንጽፋለን።

ጥያቄ (ከኮዬ ፈጬ)፦ ከአስፋልቱ እስከ ቤቴ ያለው መንገድ ገና አልተሠራም። በዓመት ሁለት ሦስቴ ደግሞ ወላጆቼ ጋ መሐል ሜዳ እሄዳለሁ። ፎር ዊል የግድ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ የሚወስነው አፈሩ ነው። ድንጋይና ኮረት ከሆነ፣ ከመሬት 19 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለና ጥሩ ጎማ ያለው ተራ መኪና ዓመቱን ሙሉ ያመላልስዎታል። እንዲህ ባለ መንገድ መኪና የሚቆመው ጉልበት አንሶት ሳይሆን ሆዱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነው። መረሬ (ሲርስ የሚጣበቅ ጥቁር አፈር) ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መረሬ በሐምሌ ሲርስ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ልሙጥ ያደርገዋል፤ በሁለት ጎማ ብቻ የሚገፋ መኪና ትንሽ ዳገት ላይ እንኳ ባለበት ይሽከረከራል። መረሬ ከሆነ ፎር ዊል ይግዙ። ካልሆነ ገንዘቡን ለአራት አዲስ ጎማ ያውሉት፤ ተጨማሪ ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለጎማዎች የሚያከፋፍለው የጥርስ ሳጥን) ማለት ተጨማሪ ዘይት፣ ተጨማሪ ኩሽኔታና ተጨማሪ ቤንዚን ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ፎር ዊል ለመነሳት ይረዳል እንጂ ለመቆም አይረዳም። ጭቃ ላይ ፍሬን ሲይዙ አራቱም ጎማዎች እንደ ማንኛውም መኪና ይንሸራተታሉ። አዲስ አሽከርካሪ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ባለ ሁለት በር ጂምኒና ባለ አምስት በር ግራንድ ቪታራ አግኝቻለሁ። ሁለት ልጆች አሉን። የትኛውን ልውሰድ?

መልስ፦ ግራንድ ቪታራውን። ጂምኒው (ከ1998 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. የተመረተው) በሻንሲ ላይ የተቀመጠ፣ ከፊትም ከኋላም ሙሉ አክስል ያለው፣ ከባድ መንገድ ላይ ከትልልቆቹ የማይተናነስ መኪና ነው። ይሁን እንጂ በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት 2.25 ሜትር ብቻ ነው። የኋላ ወንበሩ ሲዘረጋ ዕቃ መጫኛው ከአንድ ዘንቢል ብዙም አያልፍም፤ ልጆችን ለማስገባት በየጊዜው የፊት ወንበር ማጠፍ አለ። ኮረት ላይ ከ60 ኪ.ሜ. በላይ ሲነዳ ጀርባው መዝለልና ወደ ጎን መሄድ ይጀምራል። «ቦታ ከጠበበ ፖርቶ ባጋሊዮ እናስገጥማለን» የሚል መፍትሔም አይመከርም፤ ጣሪያው ላይ ከ30 ኪሎ በላይ መጫን ቁመቱ ረዘም፣ መሠረቱ አጠር ያለውን መኪና ለመገልበጥ ያቀርበዋል።

ግራንድ ቪታራው ከ2005 እ.ኤ.አ. በኋላ የተሠራ ከሆነ በአብዛኛው ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የሚሄድ፣ የመሐል ዲፈረንሻሉ የሚቆለፍ፣ ፎር ሎውም (ለከባድ ዳገትና ጭቃ የሚሆን ዝቅተኛ ማርሽ) ያለው ነው። ፎር ሎው የሌላቸውም ስላሉ የማርሽ መምረጫውን ይዩ። ሞተሩ ሲነሳ ከፊት በኩል የካቴና መንኳኳት ከሰሙ፣ ወይም በ90 ኪ.ሜ. ገደማ ከፊት ዲፈረንሻል ጩኸት ከሰሙ የጥገናውን ዋጋ ከመስማማትዎ በፊት ያስገምቱ። በነዳጅ በኩል ባለ 2.0 ሊትሩ በሊትር 8 ወይም 9 ኪ.ሜ.፣ ባለ 1.3 ጂምኒው 11 ወይም 12 ኪ.ሜ. ቢሄዱ ደህና ነው። ለብቻው የሚኖር ሰው ቢጠይቀን ጂምኒውን እንል ነበር።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ያየሁት ራቭ ፎር ከማርሹ አጠገብ ሁለተኛ ዘንግ የለውም። ደላላው ግን ፎር ዊል ነው ይላል። ተታለልኩ?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። ራቭ ፎርም ቴሪዮስም በባህሪያቸው ፎር ሎው የላቸውም፤ ፎር ዊል የሆኑት ዘንግ ሳይነካ በራሳቸው ኃይሉን ለአራቱም ያከፋፍላሉ። ሁለቱም ግን በሁለት ጎማ ብቻ የሚሄዱ ዓይነቶች ስላሏቸው ጎንበስ ብለው ከሥር ይዩ። ራቭ ፎር ከሆነ ከካምቢዮ ወደ ኋላ አክስል የሚሄድ ረጅም ዘንግ ይፈልጉ፤ ከሌለ በፊት ጎማ ብቻ የሚሄድ ነው። ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠራው ቴሪዮስ ላይ ግን ይህ አይሠራም፤ ባለ ሁለት ጎማው በኋላ ስለሚሄድ ዘንጉ በሁለቱም ላይ አለ። እሱ ላይ የሚታየው ከፊት ዲፈረንሻል ወደ ፊት ጎማዎች የሚወጡት አክስሎች መኖራቸው ነው። ከመኪናው ኋላ የተለጠፈ የፎር ዊል ጽሑፍ ማስረጃ አይደለም፤ ተለጣፊ በየሱቁ ይሸጣል።

እነዚህን መኪኖች ሲገዙ አራቱም ጎማ አንድ ቁጥርና ተቀራራቢ ጥርስ ያለው ይሁን። ከፊት አዲስ፣ ከኋላ ያለቀ ጎማ ከተገጠመ ፊትና ኋላ በተለያየ ፍጥነት ስለሚዞሩ መሐል ያለው ማከፋፈያ ያለ ዕረፍት ሲሠራ ይግላል፤ ቆይቶም ይበላሻል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ያገለገለ ጂምኒ ወይም የድሮ ቪታራ ለማየት ስሄድ ምን ላይ ላተኩር? መካኒክ ይዤ ብሄድም ራሴ ማወቅ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ከመሄድዎ በፊት ሻጩ ሞተሩን እንዳያስነሳ ይንገሩት። ኮፈኑን ሲነኩት ሞቆ ካገኙት ምክንያቱን ይጠይቁ፤ የቀዝቃዛ ሞተር አነሳስ የሚናገረውን የሞቀ ሞተር ይደብቃል። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ የራዲያተሩን ክዳን ይክፈቱ። ውሃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ፣ ወይም የዘይት መሙያው ክዳን ሥር የወተት ቡና የመሰለ ነገር ካለ የቴስታታ ጋስኬት ሳይሄድ አይቀርም። ዝገት የመሰለ ቀይ ውሃ ደግሞ ባለቤቱ ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ሲሞላ እንደኖረ ይመሰክራል። ከፍታ ላይ ይህ ጉዳቱ ብዙ ነው፤ ተራ ውሃ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ሞተሩን ከመፍላት የሚጠብቀው በክዳኑ የሚያዘው ግፊትና ትክክለኛው ኩላንት ነው። ክዳኑ ላይ ያለው ጎማ ከደረቀ ይቀይሩት።

ኮምፕሬሽን (ሲሊንደር ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት) ሲያስለኩ ከመጽሐፉ ቁጥር ጋር አያወዳድሩ። ባሕር ጠረፍ ላይ 13 ባር የሚሰጥ ጤነኛ ሞተር አዲስ አበባ ላይ ወደ 10 ባር ነው የሚሰጠው፤ አየሩ ስለሚሳሳ ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ ደህና ሞተር «ደክሟል» ተብሎ ይፈታል። የሚያስጨንቀው በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ከ10 በመቶ በላይ ልዩነት ሲኖር ነው።

የድሮው 1.6 ቪታራ የታይሚንግ ቺንጋ አለው። መቼ እንደተቀየረ በወረቀት ካልታየ፣ ሻጩ ምንም ቢምል፣ በገዙበት ሳምንት ቺንጋውን ከመወጠሪያውና ከውሃ ፓምፑ ጋር አብረው ይቀይሩ። ኤም13ኤ ሞተር ያለው ጂምኒ ግን በካቴና ነው የሚሠራው፤ እሱ የሚፈልገው በጊዜው የተቀየረ ዘይት ነው።

ከሥር ሲገቡ ሻንሲውን በመፍቻ እጀታ ቀስ እያሉ ይምቱት። ጥርት ያለ ድምፅ ጤና ነው፤ የደነቆረ ድምፅ ከውስጥ የበላ ዝገት ነው። ከአውሮፓ የመጡ መኪኖች በክረምት መንገድ ላይ በሚበተነው ጨው ምክንያት ሻንሲያቸው ይበላል። ከገልፍ አገሮች የመጡት ዝገት አይኖራቸውም፤ ነገር ግን ሙቀቱ ጎሚኒዎቹን (በብረት መገጣጠሚያዎች መካከል የሚገቡትን ጎማዎች) እና የጎማ ቱቦዎቹን ያደርቃል። ጥቁር ቀለም አዲስ የተቀባ ሻንሲ ካዩ ቀለሙን በጥፍርዎ ይፋቁ።

ከዚያ ፎር ዊሉን ይፈትሹ፤ ይህን የሚያደርግ ገዢ ጥቂት ነው። በቁልፍ ተጭነው ፎር ዊል የሚያስገቡበት ጂምኒ የፊት ጎማዎቹ ከአክስሉ ጋር የሚያያዙት ሞተሩ በሚፈጥረው የአየር መሳብ ኃይል ነው። የኋላ ጎማዎችን በድንጋይ ያግዱ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ፊቱን በክሪክ አንስተው በጠንካራ መደገፊያ ያስቀምጡ። ሞተሩን አስነስተው፣ ካምቢዮው ዜሮ ማርሽ ላይ እያለ ፎር ሃይ (ተራውን የአራት ጎማ ማርሽ) ያስገቡ፤ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይተው ሞተሩን ያጥፉ። አሁን የግራውን ጎማ በእጅ ሲያዞሩ የቀኙ በተቃራኒ መዞር አለበት። ዝም ካለ ቢያንስ አንዱ ጎማ አልተያዘም፤ መኪናው መብራቱን ቢያበራም በተግባር ባለ ሁለት ጎማ ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የተሰነጠቀ ቀጭን ቱቦ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ግን ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅምዎታል።

በመጨረሻ የፊት ጎማ ውስጥ ያለውን ክብ የብረት ኳስ ይዩ። ግራሶና ዘይት ወደ ውጭ ከተዝረከረከ ማኅተሙ አልቋል፤ ጭቃና ውሃም በዚያው ይገባል።

ጥያቄ (ከመቀሌ)፦ ጂምኒዬ 70 ሲደርስና ጉድጓድ ሲመታ መሪው በኃይል ይንቀጠቀጣል። ጋራዥ የመሪውን ሾክ አብዞርበር ቀየረልኝ፤ ለአንድ ወር ተሽሎት ተመለሰ።

መልስ፦ የመሪው ሾክ አብዞርበር ንዝረቱን ይሸፍናል እንጂ አይፈውስም፤ መነሻው ሌላ ቦታ ነው። ከርካሹ ይጀምሩ። ጎማዎቹን ባላንስ ያስደርጉ፣ ያበጠ ካለ ይጣሉ። ቀጥሎ ፊቱን በክሪክ አንስተው ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይነቅንቁት። ልቅነት ካለ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥና እንደገና ይነቅንቁ፦ ልቅነቱ ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው፣ ካልጠፋ የኪንግ ፒን (የፊት ጎማው መሪ ሲዞር የሚታጠፍበት ምሰሶ) ኩሽኔታ ነው። ከግራና ከቀኝ ይዘው ሲነቀንቁ ብቻ የሚላወስ ከሆነ የመሪ ዘንጉን መገጣጠሚያዎች ይዩ። አክስሉን ከሻንሲው ጋር በጎን የሚያያዘው ረጅም ዘንግ ጫፎች ላይ ያሉትን ጎሚኒዎችም አይርሱ፤ አንድ ሰው መሪውን ግራ ቀኝ ሲያወዛውዝ ዘንጉ በቦታው ከተንቀሳቀሰ አልቀዋል። የኪንግ ፒን ኩሽኔታዎች በየጎኑ ሁለት፣ በድምሩ አራት ናቸው፤ አራቱንም ከነማኅተማቸው በአንድ ጊዜ ያስቀይሩ። የአንዱን ጎን ብቻ መቀየር ሥራውን ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

ጥያቄ (ከጅማ)፦ በድሮው ቪታራ ፎር ዊል አስገብቼ አስፋልት ላይ ነዳሁ። አሁን መሪው ከብዶ ዘንጉ ወደ ቱ ሃይ (በሁለት ጎማ ወደሚሄድበት) አልመለስ አለኝ።

መልስ፦ አልተሰበረም። ይህ መኪና በፊትና በኋላ መካከል ዲፈረንሻል የለውም። ኩርባ ላይ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ይሄዳሉ፤ ኮረት ላይ ልዩነቱ በመንሸራተት ይወጣል፣ ደረቅ አስፋልት ላይ ግን መውጫ ስለሌለው ጥርሶቹ ተጨናንቀው ይያያዛሉ። መሪውን ቀጥ አድርገው ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ይሂዱ፣ ፍሪሲዮን ረግጠው ዘንጉን ቀስ ብለው ይሳቡት፤ በኃይል አይጎትቱ። ፎር ሎውን ደግሞ ሙሉ በሙሉ ቆመው ብቻ ያስገቡ።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ጂምኒው ዳገት ላይ ሞተ ማለት ይቻላል። ሞተሩ አርጅቶ ይሆን?

መልስ፦ መጀመሪያ ከፍታውን ይቁጠሩ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ፋብሪካው 85 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እናንተ ጋ 60 ቢሰጥ ነው። ፊልትሮው ንጹሕ ከሆነና ጎማው ፍሬን ይዞት ካልጋለ፣ ማርሹን ቀድመው ይቀንሱና ሞተሩን ከ3500 እስከ 4500 ዙር ላይ ያቆዩት። ይህ ሞተር በዝቅተኛ ዙር አይጎትትም።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ በላይ ያሳስበናል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ መንገዱ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወስድዎታል። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ይውረዱ፣ ፍሬኑን አጥብቀው ይዘው ይልቀቁ እንጂ እግርዎን ጭነው አይቆዩ፤ ሸራው ሲግል መያዝ ያቆማል፣ ያረጀ የፍሬን ዘይትም ይፈላል። ዜሮ ማርሽ ላይ መንከባለል በፍጹም።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ለጂምኒው ትልቅ ጎማ ላስገጥም? ንፋሱስ ስንት ይሁን?

መልስ፦ ከ205/70 አር 15 ወደ 215/75 አር 15 ቢሄዱ ከመሬት የሚያተርፉት 18 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በምትኩ ማርሹ 5 በመቶ ይረዝማል፣ የፍጥነት መለኪያውም በዚያው ልክ አሳንሶ ያነባል። በዚህ ከፍታ ያንን ጉልበት አናባክንም። ንፋሱን በበሩ ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ቁጥር ያድርጉ፤ ለዚህ ቀላል መኪና ከ23 እስከ 26 ፒኤስአይ አካባቢ ነው። ጎሚስታው በልማድ 35 ከሞላው መኪናው ኮረት ላይ ይዘላል። ጭቃ ውስጥ ሲገቡ ወደ 16 ዝቅ አድርገው በዝግታ ይለፉ፣ አስፋልት ላይ ከመውጣትዎ በፊት መልሰው ይሙሉ። ትንሽ የባትሪ ፓምፕ መኪናው ውስጥ ይኑር።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ ለእህቴ ጂምኒ ልላክላት?

መልስ፦ ቤንዚን ከሆነ አይገባም። እዚህ ስትገዛ ግን የሻንሲ ቁጥሩን ትላክልዎት፤ በእሱ ትክክለኛውን ኩሽኔታ፣ ማኅተምና ጎሚኒ ገዝተው ይላኩላት።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ዋጋ ተስማማን። ከመክፈሌ በፊት ምን ልይ?

መልስ፦ ሊብሬው ላይ ያለውን የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከብረቱ ላይ ራስዎ ያንብቡ። ፋይሉ ያለበት ትራንስፖርት ቢሮ ሄደው እግድ ወይም የባንክ ዕዳ እንደሌለበት፣ ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነም ቀረጡ እንደተከፈለ ያረጋግጡ። ሻጩ ባለ ትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፊርማ ያስፈልጋል። ገንዘቡን ውልና ማስረጃ ፊት ሲፈራረሙ በሲፒኦ ይስጡ። የድሮ ቪታራዎች ብዙ ጊዜ ሞተር ይቀየርላቸዋል፤ የተቀየረው ሞተር ሊብሬው ላይ ካልሰፈረ ስም ማዛወሩ ይቆማል፤ ስለዚህ ያንን ሻጩ አስመዝግቦ እስኪጨርስ ቀብድም ቢሆን አይክፈሉ።