ቧንቧውን ማንም እንዳይቆርጥብሽ

እህቴ፣ የምትዘጋው የገጠር ቤተ ክርስቲያን ትንሿን ባለ ቧንቧ ኦርጋን «ካነሣሻት ያንቺ ናት» ብለውሻል። ቤት ውስጥ ትሆናለች ወይ ነው ጥያቄሽ። አዎ፣ ትሆናለች። እኛ ሚኒሶታ ሳሎናችን ውስጥ አለችን። አንቺ ያለሽበት አዮዋም ያው ነው።

1. የጣሪያሽን ቁመት ለኪ። ክፍት የሆነ ባለ 8 ጫማ ቧንቧ ተራ ሳሎን አይችለውም፤ ከሥሩ ለቧንቧዎቹ ንፋስ የሚያድል ሳጥን አለ። አናታቸው የተደፈነ የእንጨት ቧንቧዎች ግን በግማሽ ቁመት ያንኑ ወፍራም ድምፅ ይሰጣሉ። እኛን ያዳነን እሱ ነው።

2. ቅኝት። እዚህ ላይ በደንብ ስሚኝ። የእኛ ኦርጋን የሂነርስ ሥራ ናት። ፒኪን፣ ኢሊኖይ የነበረ ድርጅት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1879 እስከ 1942 ሠርቷል፣ ለገጠር አጥቢያዎች በካታሎግ ይሸጥ ነበር። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ብዙ ኦርጋን «ኤ» የሚባለው ኖታ በሴኮንድ 435 ጊዜ እንዲርገበገብ (435 ሄርዝ) ይቃኝ ነበር፤ የዛሬው 440 ነው። ልዩነቱ የግማሽ ድምፅ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። መጀመሪያ የመጣው ባለሙያ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ «ሁሉንም ቧንቧ ቆርጠን በማሳጠር፣ ድምፁን ከፍ አድርገን 440 እናድርገው» አለ። ለምን ብዬ ብጠይቀው «አንተ ስለ ኦርጋን ምን ታውቃለህ?» አለኝ፣ በገዛ ቤቴ! የመጣበትንም አስከፍሎ ሄደ። እስካሁን ያንገበግበኛል። የተቆረጠ ቧንቧ ቢቀጠልም የድሮው አይሆንም። የቫዮሊን ክር ግን ይላላል። ልጄ አብራ ስትጫወት ቫዮሊኗን ትንሽ ዝቅ አድርጋ ትቃኛለች፣ አለቀ።

ኋላ ያገኘናቸው አዛውንት አንዲት ቧንቧ አልቆረጡም። የወናፉን ቆዳ በአዲስ የበግ ቆዳ ቀየሩ። ያጣበቁትም ከእንስሳ ቆዳ በተሠራ ሙጫ ነው። እሱ በሙቅ ውሃ ይላቀቃል፤ ወደፊት የሚጠግነው ሰው እንጨቱን ሳይጎዳ ይከፍተዋል። ዘመናዊ ሙጫ ይዞ የሚመጣብሽን አመስግነሽ ሸኚው። ዛሬ የመካነ ኢየሱስ ዘመዶቻችን ሲሰበሰቡ በእሷ ነው የምንዘምረው። እኮራባታለሁ።

3. በብርዱ ወራት ማሞቂያው አየሩን ያደርቃል። እንጨቱ ይሰነጠቅና ንፋስ ያፈተልካል፤ ቁልፉን ያልነካሽው ቧንቧ ይጮኻል። አየሩን የሚያረጥብ መሣሪያ (ሂውሚዲፋየር) ግዢ።

ከጠጋኙ ጋር በምትዋዋዪው ውል ላይ «ያለ ባለቤቷ ፈቃድ ቧንቧ አይቆረጥም» ብለሽ አስጽፊ። ኦርጋን ሂስቶሪካል ሶሳይቲ በሚባለው የኦርጋን ታሪክ ማኅበር ድረ ገጽ ላይ የከተማዋን ስም ፈልጊ፣ ማን እንደሠራት ልታገኚ ትችያለሽ። የብረት ቧንቧዎቹ የእርሳስና የቆርቆሮ (ቲን፣ የጣሪያው ቆርቆሮ አይደለም) ቅይጥ ስለሆኑ በጣት ይጎብጣሉ፤ ተደራርበው እንዳይጫኑ። የምታነሺበትን ቀን ንገሪኝ፣ መጥቼ አብሬሽ እጠቀልላለሁ።