ገመድ ከመፍታታችሁ በፊት፦ ስለ ሸራ ጀልባ ምዝገባ ጥያቄና መልስ

ሰላም የጅማ ልጆች። ውጭ ያሉ ወንድምና እህቶቻችሁ ትንሽ ሸራ ጀልባ እየገዙ ድንበር መሻገር አምሯቸዋል። ከየሰፈራችሁ የመጣው ጥያቄ ስለበዛ አንድ ላይ ልመልስ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በጭነት መርከብ ላይ ነው። የሰነድና የሬዲዮ ነገር ጠይቁኝ። ስለ ዋጋና ስለ ሞተር ሌላ ሰው ጠይቁ።

ከአጂፕ፦ ካፒቴን፣ እንደምን አመሹ? ወንድሜ አሜሪካ ነው ያለው። 30 ጫማ ጀልባ ገዝቷል፣ የሽያጭ ውልም አለው። ይበቃዋል?

መልስ፦ አይበቃውም። ውሉ የጀልባው ባለቤት ማን እንደሆነ ነው የሚናገረው። ጀልባው የየት አገር እንደሆነ የሚናገረው ምዝገባው ነው። አገር የሌለው ጀልባ ባሕር ላይ ጠበቃ የለውም፤ የየትኛውም አገር የጦር መርከብ አስቁሞ ሊመረምረው ይችላል።

አሜሪካ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የስቴት ምዝገባ ነው፤ እዚህ ለመኪና ሊብሬ እንደምናወጣው ማለት ነው። ሁለተኛው ኮስት ጋርድ፣ ማለትም የባሕር ጠረፍ ጠባቂው፣ የሚሰጠው የፌዴራል ምዝገባ ነው፤ ዶክመንቴሽን ይሉታል። ለዚህኛው ጀልባው ቢያንስ 5 ኔት ቶን መሆን አለበት። ይሄ የክብደት ሳይሆን የውስጥ ይዘት መለኪያ ነው። ከ25 ጫማ በላይ የሆነ አብዛኛውን ጊዜ ያሟላል። የሚሰጠው ቁጥር በጀልባው አካል ላይ ከውስጥ በኩል፣ ቢያንስ በ3 ኢንች ቁመት፣ በቀላሉ እንዳይፋቅ ሆኖ ይጻፋል። ስሙና የወደቡ ስም ደግሞ ከውጭ፣ ቢያንስ በ4 ኢንች ፊደል። ዋናው ሰነድ ጀልባው ላይ ይሁን። ኮፒ አይሠራም።

ከመንደራ፦ ግሪን ካርድ ብቻ ያለውስ?

መልስ፦ ዶክመንቴሽን አያገኝም። ባለቤቱ የአሜሪካ ዜጋ መሆን አለበት። የስቴት ምዝገባ ያውጣና የሚሄድበት አገር ይቀበለው እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ከሄርማታ፦ ኧረ አቦ ሰው አታስፈራሩ! የአክስቴ ልጅ በፍሎሪዳ ምዝገባ ባሃማስ ደርሶ ተመልሷል። ማንም ምንም አላለውም።

ከፈረንጅ አራዳ፦ ባሃማስ እኮ ለፍሎሪዳ ጎረቤት ነው። በዚያ ወረቀት ራቅ ያለ አገር ይሞክረው እስቲ።

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ባሃማስ የስቴት ምዝገባ ይቀበላል። ሁሉም አገር ግን ባሃማስ አይደለም። እንደ ጀልባው ዜግነት ማረጋገጫ በየወደቡ የሚታወቀው የፌዴራሉ ነው። ማግኘት የሚችል ሰው እሱን ያውጣ።

ከቆጪ፦ ባሕር የሌለን ሰዎች ስለ ባሕር ስናወራ አይገርምም? መጀመሪያ ወደቡ ይመለስ።

ከሄርማታ፦ እውነት ነው። አሰብ እያለ ቢሆን...

ከቦሳ አዲስ፦ ፖለቲካውን ተዉትና ጥያቄው ይቀጥል።

መልስ፦ አሰብን ለሌላ ቀን እናቆየው። ግን አንድ ነገር እወቁ። ባሕር የሌለው አገር በራሱ ባንዲራ መርከብ የማንቀሳቀስ መብቱ እ.ኤ.አ. በ1921 በባርሴሎና በወጣው መግለጫ ታውቋል። የ1982ቱ የባሕር ሕግ ስምምነትም ይህንኑ ይላል። የእኛ መርከቦች ኋላቸው ላይ እንደ ወደብ ስም የሚጻፈው «አዲስ አበባ» ነው። «ጊቤ» የምትባልም ነበረችን፤ በዚሁ በእኛ ወንዝ የተሰየመች። ስለዚህ ጅማ ተቀምጦ ስለ ባንዲራ መጠየቅ ምንም አይገርምም።

ከጊንጆ፦ ግልገል ጊቤ ግድብ ላይ ሸራ ጀልባ ብናንሳፍፍስ?

መልስ፦ ዛሬ የምናወራው ድንበር ስለሚሻገር ጀልባ ነው።

ከቦሳ አዲስ፦ እህቴ ለንደን ነው የምትኖረው፣ የእንግሊዝ ዜጋ ናት። ወደ ፈረንሳይ ልትሻገር ነው።

መልስ፦ የትናንሽ ጀልባዎች መዝገብ የሚባል አላቸው። ርዝመቱ ከ24 ሜትር በታች ለሆነ፣ ነዋሪነቱ እዚያው ለሆነ ሰው ነው። 5 ዓመት ያገለግላል። ቀላል ነው፣ ግን ባለቤትነት አያረጋግጥም። ጀልባውን አስይዛ ከባንክ ልትበደር ከሆነ ዋናው መዝገብ፣ ክፍል አንድ የሚሉት ያስፈልጋታል። ያኛው የልኬት ምርመራና የባለቤትነት ማስረጃ ይጠይቃል። ለእሷም ያው ነው፤ ዋናው ሰነድ ጀልባው ላይ ይሁን።

ከበቾ ቦሬ፦ ካፒቴን፣ በአጠቃላይ ምን ምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ ለማን? የትኛው አገር ዜጋ? የት ለመሄድ? እንዲህ ተጠይቆ እንዴት ይመለሳል? ከላይ ያለውን አንብብና ለይተህ ጠይቅ።

ከጊንጆ፦ የሬዲዮውስ ነገር? የወንድሜ ጀልባ ቪ ኤች ኤፍ የሚባለው የባሕር ሬዲዮ ተገጥሞለታል።

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ሬዲዮው ላይ በትንሽ ክዳን የተሸፈነ ቀይ ቁልፍ አለ። ክዳኑን ከፍቶ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ ሲይዘው የድረሱልኝ ጥሪ ይወጣል። ጥሪው ኤም ኤም ኤስ አይ የሚባል ባለ 9 አኃዝ ቁጥር ይዞ ነው የሚሄደው። የመጀመሪያዎቹ 3 አኃዞች አገሩን ይናገራሉ፤ የእንግሊዝ ከ232 እስከ 235፣ የኢትዮጵያ 624።

አሜሪካ ይሄን ቁጥር ከጀልባ ማኅበራት በቀላሉ ያገኙታል። ችግሩም እዚህ ጋ ነው። ያ ቁጥር ዓለም አቀፉ መዝገብ ውስጥ አይገባም። ሰውዬው በሌላ አገር ውሃ ቀዩን ቁልፍ ቢጫን ጥሪውን የሰማው ጣቢያ ቁጥሩን ቢፈልግ ስም አያገኝም። ድንበር የሚሻገር ሰው የጀልባ ሬዲዮ ፈቃድ ከፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ያውጣ። ቁጥሩ አብሮ ይመጣለታል። ለራሱም የኦፕሬተር ፈቃድ ያውጣ። ብዙ ሬዲዮ ቁጥሩን አንዴ ወይ ሁለቴ ብቻ ነው የሚያስገባው፤ ከዚያ በኋላ ለመቀየር ወደ ሻጩ ወይ ወደ አምራቹ መላክ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ቁጥር ሳይመጣ ምንም እንዳያስገባ። ጀልባው ያገለገለ ከሆነ ደግሞ የአደጋ ጊዜ ምልክት የሚልከው ኢፐርብ አሁንም በድሮው ባለቤት ስም ይሆናል። በራሱ ስም ካላዞረው አደጋ ሲደርስ ስልክ የሚደወለው ለሻጩ ነው።

ከበቾ ቦሬ፦ የሰነዱ ኮፒ ይበቃል?

መልስ፦ ሁለት ጊዜ ተናግሬያለሁ። አይበቃም!

ከአጂፕ፦ ካፒቴን፣ ወንድሜ አሁን ነገረኝ፤ ጀልባው በፊት በካናዳ መዝገብ ነበር አሉ።

መልስ፦ ታዲያ መጀመሪያ ከዚያ መዝገብ ይሰረዝ፤ የመሰረዣ ማስረጃም ይቀበል። በሁለት ባንዲራ እንዳሻው እየቀያየረ የሚሄድ መርከብ በሕጉ አገር እንደሌለው ሊቆጠር ይችላል። የሻጩን ስም መዝገቡ ላይ ካለው ጋር ያመሳክር፤ ዕዳ እንዳለበትም ያጣራ። የውሉን ፎቶ ላክልኝ፣ ስምና አድራሻውን ሸፍነህ። ነገ አየዋለሁ።