ራም ሲያልቅ ማን ይሞታል? የቪፒኤስ ሚሞሪና ስዋፕ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ እስከ ማታ አለሁ፣ ጠይቁ። «ሰርቨሬ ቀርፋፋ ሆነ» ብቻ ለሚል ግን አልመልስም። የ«ፍሪ» እና የ«ቪኤምስታት» (የሚሞሪን ሁኔታ የሚያሳዩ ትእዛዞች) ውጤት ይዛችሁ ኑ።

የጀሞ ልጅ፦ ጋሼ፣ 1 ጊጋ ራም ያለው ቪፒኤስ (የተከራየሁት ቨርቹዋል ሰርቨር) ላይ ዎርድፕሬስ አለኝ። ዳታቤዙ፣ ማይኤስኪውኤል፣ ሌሊት ሌሊት ብቻውን ይጠፋል። ኤረር የለም። «ፍሪ» የሚለው 60 ሜጋ ነው።

መላሽ፦ ኤረሩ አለ፣ አላየኸውም እንጂ። «ዲሜሴጅ» (የከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ መዝገብ) ውስጥ «አውት ኦፍ ሜሞሪ» የሚለውን ፈልግ። ራም ሲያልቅ ከርነሉ አንዱን ፕሮሰስ (እየሠራ ያለ ፕሮግራም) መርጦ ይገድላል። ዕጣው አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ራም የያዘው ላይ ይወድቃል፤ ማይኤስኪውኤል የሚሞተው በሰው ጥፋት ነው። የምጠረጥረው ዌብ ሰርቨሩን፣ አፓቺን ነው። ፕሪፎርክ (ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ፕሮሰስ የሚመድብ አሠራሩ) ላይ «ማክስ ሪኩዌስት ወርከርስ» (በአንዴ የሚሠሩ ፕሮሰሶች ጣሪያ) ካልተነካ 256 ነው። አንዱ ፕሮሰስ 50 ሜጋ ቢበላ 12.8 ጊጋ ይመጣል። 12 ሰው የሚጭን ሚኒባስ ላይ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ» እያለ 150 ሰው ሲያስገባ አስበው።

ለሲስተሙና ለማይኤስኪውኤል 450 ሜጋ ያህል ተውና የቀረውን ለ50 አካፍል። 11 ይመጣል፤ አንተ 10 ጻፍ። 11ኛው ጎብኚ ትንሽ ይጠብቅ።

60 ሜጋው አያስጨንቅህ። ሊኑክስ ባዶ ራም ለዲስክ ካሽ ያውላል፣ ሲፈለግ ይለቃል። «አቬይለብል» የሚለውን ዓምድ ነው የምታየው።

መቅዲ፦ 2 ጊጋ ስዋፕ ብጨምርስ? ራም እንደ መግዛት ነው አሉኝ።

መላሽ፦ አይደለም እህቴ። ስዋፕ ራም ሲጠብ ተርፎ የሚቀመጥበት የዲስክ ቦታ ነው። ለክፉ ቀን 1 ጊጋ ይኑርሽ። የስዋፕ ፋይሉን 600 ፐርሚሽን (ባለቤቱ ብቻ የሚያነበውና የሚጽፍበት) ስጪው፤ «ኤፍኤስታብ» (ሰርቨሩ ሲነሣ የሚያነበው የዲስኮች ዝርዝር) ውስጥ ካላስገባሽው ሪቡት ሲደረግ የለም። ከዚያ «ቪኤምስታት 1» ብለሽ «ኤስአይ» እና «ኤስኦ»ን (ከስዋፕ የሚገባውንና ወደ ስዋፕ የሚወጣውን) ተመልከቺ። አልፎ አልፎ ቢነቃነቁ ችግር የለም። ሁለቱም ያለ እረፍት ከሮጡ ግን ራሙ አልበቃም ማለት ነው።

ዳታቤዝ ሰፈር፦ ስዋፒነስን (ከርነሉ ወደ ስዋፕ ምን ያህል እንደሚያዘነብል የሚወስነውን ቁጥር) ዜሮ አድርጋችሁ ተገላገሉ።

ከርነል ወዳድ፦ ዜሮ ማለት እኮ ስዋፕ ጠፋ ማለት አይደለም።

ዳታቤዝ ሰፈር፦ አራት ዓመት ዜሮ ላይ ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም።

ከርነል ወዳድ፦ ኡቡንቱ ስለምትጠቀም አይታወቅህም።

መላሽ፦ ሁለታችሁ ሻይ ቤት ሄዳችሁ ጨርሱት። ነባሪው 60 ነው፣ 10 አድርጉት፣ በቃ።

ስም የለሽ፦ ሩት (የሙሉ ሥልጣን ተጠቃሚ) ሆኜ «ስዋፕኦን» (ስዋፕ ማብሪያ ትእዛዝ) ስል ይከለክለኛል።

መላሽ፦ ቪፒኤስህ ኦፕንቪዜድ የሚባለው ዓይነት ይመስለኛል። ከርነሉ ከጎረቤቶችህ ጋር የጋራ ነው፣ ስዋፕ የሚሰጥህም አከራይህ ነው። የራስህ ከርነል ያለበትን ኬቪኤም ተከራይ።

አዲስ ገቢ፦ ሰርቨሬ ቀርፋፋ ሆነ፣ ምን ላድርግ?

መላሽ፦ የመጀመሪያውን መስመር አንብብ።

ዶከር ነኝ፦ የዶከር ኮንቴይነሩን (ለብቻው ታጥሮ የሚሠራውን ፕሮግራም) 512 ሜጋ ራም ላይ ገድቤዋለሁ፣ ግን ስዋፕ ይበላል።

መላሽ፦ «ሜሞሪ ስዋፕ»ንም 512 አድርገው። ቁጥሩ የራሙና የስዋፑ ድምር ነው።

የጀሞ ልጅ፦ ጋሼ አየሁት! «ኪልድ ፕሮሰስ» ይላል፣ ማይኤስኪውኤል ነው። በሰርቨሩ ሰዓት 00:00 ላይ። እኛ ጋ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፣ በዚያ ሰዓት ግን ማን ይገባል?

መላሽ፦ 00:00 ላይ የሚነሣ ክሮን (በቀጠሮ ራሱ የሚሠራ ሥራ) አለህ?

የጀሞ ልጅ፦ ...ባክአፕ።

መላሽ፦ ይሄን መጀመሪያ አትነግረኝም! አፓቺን በከንቱ አማሁት። ባክአፑን የሲስተምዲ (የሊኑክስ ሰርቪሶች አስተዳዳሪ) ሰርቪስ አድርገውና «ሜሞሪ ማክስ» 200 ሜጋ፣ «ሜሞሪ ስዋፕ ማክስ» ዜሮ ስጠው። ካለፈ ራሱ ይሞታል እንጂ ዳታቤዙን አያስገድልም። 256ቱንም ግን ቀንስ፣ አልረሳሁትም።