ጥር ላይ የደረቀው ጥድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ባለፈው ሐምሌ ሱሉልታ ሜዳው ላይ ከእድራችን ጋር የሐበሻ ጥድና ዝግባ ተክለን ነበር። ክረምቱን ለምልሞ ከረመና ጥር ላይ አብዛኛው ደረቀ። ምን አጠፋን? ዘንድሮ ከመናገሻ ሱባ ደን ራሱ የበቀለ ችግኝ ነቅለን ብናመጣስ?

መልስ፦ መጀመሪያ የደረቀውን ነቅለው ሥሩን ይዩት። በላስቲኩ ቅርጽ ተጠማዝዞ ከወጣ፣ ወይ ችግኝ ጣቢያ ከልክ በላይ ቆይቷል ወይ ከነላስቲኩ ተቀብሯል። በዘመቻ ተከላ ሁለተኛው ብርቅ አይደለም። ሥሩ ጠቁሮ ልጡ በጣት ሲነካ ከተላቀቀ ውሃ ቋጥሮበታል፤ መረሬ (ጥቁር ሸክላማ) አፈር ክረምት ውሃ ያቁራል፣ በጋ ተሰነጣጥቆ ሥር ይበጥሳል። ሥሩ ደህና ሆኖ ጫፉ ተለብልቦ ከሆነ ግን ውርጭ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ወደ ዝቅታው ስለሚወርድ ሜዳው ከተዳፋቱ ይብሳል። ዝግባ ደግሞ በለጋነቱ ጥላ ይሻል፤ ገላጣ ቦታ ብቻውን አይተከልም።

ጉድጓዱን ግንቦት ላይ ይቆፍሩ፤ ስፋቱ 40 በ40፣ ጥልቀቱ 40 ሳንቲ ሜትር። የላዩንና የታቹን አፈር ለየብቻ ያስቀምጡ፤ ሲተክሉ ለሥሩ የሚቀርበው የላዩ ነው። መረሬ ላይ ግን አፈሩን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆልለው ቁልሉ ላይ ይትከሉ። ዝናቡ አፈሩን በደንብ ካራሰ በኋላ፣ ሐምሌ ሳይጋመስ ይጨርሱ፤ ነሐሴ መጨረሻ የተተከለ ሥር ሳይሰድ በጋው ይደርስበታል። ችግኙን ውሃ አጠጥተው ላስቲኩን በምላጭ ሰንጥቀው ያውጡ፣ ከታች የተጠቀለለውን ሥር ይቁረጡ። አንገቱ (ሥሩና ግንዱ የሚገናኙበት) ከመሬቱ እኩል ይሁን፤ ጠልቆ የተቀበረ ይበሰብሳል። በችግኞቹ መካከል 2.5 ሜትር ይተዉ፣ ከባሕር ዛፍም ይራቁ። መስከረም ላይ ዙሪያውን አርመው ግንዱን የማይነካ የደረቀ ሣር ይጎዝጉዙ። ከብት የሚገባበት ከሆነ ሳያጥሩ መትከል ድካም ብቻ ነው።

ከሱባ መንቀል? አይሆንም። ደኑ ጥብቅ ነው፤ በትውፊት እንደሚነገረው በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን በመጣ ዘር የተተከለ ነው፤ ለጋዎቹም ነገ የአሮጌዎቹ ተተኪ ናቸው። በዚያ ላይ ከጫካ የተነቀለ ችግኝ ሥሩ ስለሚበጣጠስ እምብዛም አይጸድቅም።

ከችግኝ ጣቢያ ሲገዙ «ጥድ» መባሉ ብቻ አይበቃም፤ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣው የፈረንጅ ጥድም በዚሁ ስም ይሸጣል። ዘሩ የተለቀመበትን ዛፍ ፍሬ ይጠይቁ፦ የሐበሻው ትንሽ፣ ለስላሳና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ነው፤ የፈረንጁ እንደ እንጨት ይጠነክራል። የሐበሻው ወንዴና ሴቴ ለየብቻ ዛፍ ስለሆኑ፣ ወደፊት ዘር ከፈለጉ ሁለት ሦስት ሳይሆን በርከት አድርገው ይትከሉ።