ጥያቄና መልስ፦ ተማሪዎችን ከሱስ የመከላከል ጥናት በቁጥር ሲፈተሽ

የማስተርስ ተማሪ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ርዕሴ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የጫት አጠቃቀምና ተያያዥ ምክንያቶች ነው። 423 ናሙና ይበቃኛል?

መልስ፦ በተለመደው የናሙና ቀመር ከሚወጣው 384 ላይ መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ጨምረው ያገኙት ነው። ምን ያህሉ እንደሚቅም ለመገመት፣ ተማሪዎቹ ከሬጅስትራር መዝገብ በዕጣ ከተመረጡ፣ ይበቃል። ምን ቢደረግ እንደሚተዉ ግን አይነግርዎትም። እንዲህ ያሉ ጥናቶች «ጓደኛው የሚቅም ተማሪ ይቅማል» ብለው ይደመድማሉ። ጓደኛው አስለምዶት ነው ወይስ ስለሚቅም ጓደኛ መርጦ? በአንድ ቀን መጠይቅ አይለይም።

ነርስ፦ ክሊኒካችን የሚመጡትን እንዴት እንምከራቸው?

መልስ፦ ለአእምሮ ጤና ባለሙያ ይተዉት። ለመለየት የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው አሲስት መጠይቅ አለ።

የክበብ አስተባባሪ፦ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሥልጠና ሰጠን። በፊትና በኋላ መጠይቅ አስሞላን፤ የሚቅሙት ቀነሱ። ተሳክቶልናል?

መልስ፦ በዚህ ብቻ አይታወቅም። የመጀመሪያው መጠይቅ በፈተና ሰሞን ተሞልቶ ከሆነ፣ ፈተናው ሲያልፍ ያለ ሥልጠናም ሊቀንስ ይችላል። በጣም የሚቅሙትን መርጣችሁ ከሆነም፣ በከፋ ጊዜያቸው የተለካ ሰው በሚቀጥለው ልኬት ወደ አማካዩ ይጠጋል። ግቢውን ለቀው የሄዱትስ ተቆጥረዋል? ከሥልጠና በኋላ ደግሞ ተማሪው የትኛው መልስ እንደሚያስደስታችሁ ያውቃል። ሥልጠናውን ያልወሰደ ማነጻጸሪያ ቡድን ያስፈልጋል!

ማን ሥልጠናውን እንደሚወስድ የሚለየውን ዕጣ በተማሪ ሳይሆን በመኝታ ብሎክ አውጡ፤ አንድ ዶርም የሚያድሩ ሰዎች የሰሙትን ይነጋገራሉ። ስታሰሉም ብሎኩን አትርሱ። 20 ብሎክ፣ ከእያንዳንዱ 50 ተማሪ፣ በድምሩ 1,000 ነው። የአንድ ብሎክ ተማሪዎች መልስ እርስ በርስ የሚመሳሰልበት መጠን (ኮሪሌሽን) 0.02 ብቻ ቢሆን፣ 49 በ0.02 ተባዝቶ 1 ሲደመርበት 1.98 ይሆናል። 1,000 ለ1.98 ሲካፈል መረጃው የ505 ተማሪ ያህል ብቻ ይመዝናል። ይህን ዘለው «ውጤቱ ጉልህ ነው»፣ ማለትም በአጋጣሚ ብቻ የመጣ አይመስልም፣ የሚሉ ጽሑፎች ያሳዝኑኛል፤ በእነሱ ተመርቶ የተማሪ ጊዜና ገንዘብ ይባክናል።

አንድ ወላጅ፦ ከግቢው በር ላይ ያሉትን ጫት ቤቶች መዝጋት ነው እንጂ ይህ ሁሉ ስሌት ለምን?

ከሐረርጌ የመጣ ተማሪ፦ እናቴ ጫት ሸጣ ነው ያስተማረችኝ። ሲዘጋ እሷ ምን ትብላ?

ወላጅ፦ ልጄ፣ የእኔስ ልጅ ትምህርቱን ሲያቋርጥ?

የሕግ መምህር፦ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜያቸው ከ21 በታች ለሆኑ አልኮል እንዳይሸጥ ከልክሏል። በተግባር ግን የግሮሰሪ ባለቤት መታወቂያ ሲጠይቅ አይታችኋል?

መልስ፦ የሁለታችሁም ጭንቀት ይገባኛል። ግን የሚዘጋ ከሆነ፣ ከመዘጋቱ በፊት ይለካ፤ ያልተዘጋበት ሌላ ግቢም አብሮ ይለካ። ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ።

መምህርት፦ ተማሪዎች የጓደኞቻቸውን አጠቃቀም አጋነው ይገምታሉ ይባላል። እውነተኛውን ቁጥር ብንለጥፍስ?

መልስ፦ ሐሳቡ ተመራማሪዎቹ ፐርኪንስና በርኮዊትዝ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 ካሳተሙት ጥናት የተነሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ዴጆንግና ባልደረቦቹ 18 ኮሌጆችን በዕጣ ከፍለው በመጠጥ ላይ ሲሞክሩት ጠቀመ። እ.ኤ.አ. በ2009 በሌሎች 14 ኮሌጆች ሲደግሙት ግን ያው ውጤት አልተገኘም። ሁለተኛውንም ማሳተማቸውን አከብራለሁ። ይሞክሩት፤ ማነጻጸሪያ ግቢ ይዘው።

ሌላ ተማሪ፦ ዶክተር፣ ለሱስ መከላከል ጥናት 423 ይበቃል?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ፤ ያንብቡት። ምን እንደሚለኩ፣ ምን ያህል ለውጥ እንደሚጠብቁና ስንት ብሎክ እንዳለዎት ሳይነግሩኝ ቁጥር አልሰጥም።

የዲን ቢሮ ባልደረባ፦ ተማሪዎቹ እውነቱን እንዲነግሩን ምን እናድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ የዲን ቢሮ መጠይቁን አይሰብስብ። ቅጣት የሚፈራ ተማሪ ለእናንተ እውነቱን አይጽፍም። የስታቲስቲክስ ባለሙያው ዋርነር እ.ኤ.አ. በ1965 ካቀረበው ሐሳብ የተወለደ ዘዴም አለ፦ ተማሪው ሳንቲም ለብቻው ይጥላል። አንበሳ ከወጣ ዝም ብሎ «አዎ» ይላል፤ ሌላው ገጽ ከወጣ እውነቱን ይመልሳል። ከ100 ተማሪ 65ቱ «አዎ» ቢሉ 50 ያህሉ የሳንቲሙ ነው፤ ከቀሩት 50 ውስጥ 15ቱ፣ ማለትም 30 በመቶው፣ ይጠቀማሉ። ማን እንደሆኑ እናንተም እኔም አናውቅም። ግምቱ ስለሚዋዥቅ ግን ናሙናው በብዙ እጥፍ መጨመር አለበት፤ እዚህ ላይ 423 አይበቃም።